ያለ እርሳስ ማንበብ

ጎረቤቴ ስታነብ ትስቃለች። ይህ ደግሞ ምኑ ያስቀናል ትሉ ይሆናል፤ እኔን ግን አንድ ወር ሙሉ ሲያንጨረጭረኝ ከርሟል።

ሁለታችንም አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ዩለስ የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ አፓርትመንት ግቢ ነው የምንኖረው፤ የእሷ በር ከእኛ ደረጃ ፊት ለፊት ነው። ሁለታችንም ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ሳንልክ ቤት ውስጥ እናስተምራለን። የሁለታችንም ባሎች ኤርፖርት ይሠራሉ። ልዩነታችን እኔ ሦስት ልጆች ሲኖሩኝ እሷ አራት ያሏት መሆኑ ነው። ይህን የምነግራችሁ «ጊዜ አጣሁ» የሚለው ሰበቤ ከመነሻው እንደማያዋጣኝ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንደኛ ቤት የሚያስተምሩ እናቶች በምንገናኝበት የስልክ ግሩፕ ላይ ነው። አንዷ፣ «ሁላችንም ደክሞናል። እስቲ ይህን ወር ለልጆቹ ሳይሆን ለራሳችን እናንብብ፤ ደስ የሚለንን፣ የሚያበረታንን» አለች። ያነበበች በድምፅ መልእክት ትናገራለች፤ በቃ፣ ሌላ ሕግ የለውም። ሁሉም ልብ ላኩ። እኔም ላክሁ፤ ልቤን ሳይሆን ምልክቱን።

ጎረቤቴ ሳምንት ሳይሞላት አንድ ልብ ወለድ ጨርሳ ሌላ መተረክ ጀመረች። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አለ፤ ከኋላዋ የልጅ ጩኸት እንኳን አይሰማም። አራት ልጅ ባለበት ቤት! የት ቆልፋባቸው ነው እያልኩ ዕቃ አጥባለሁ። እኔ ገና የያዝኩትን መጽሐፍ መቅድም አልጨረስኩም ነበር። ግሩፑ ላይ ግን «ጎበዝ! በርቺ!» ብዬ ጻፍኩላት።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ጫማውን እያወለቀ፣ «ሶ ምን ይሁን? አንቺም አንብቢ» አለኝ።

ይሄ ሁሉ እንኳን ይቻላል። ያልቻልኩት የልጄን ነገር ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሰዓት በኋላ ሒሳቧን እንደጨረሰች፣ «ማሚ፣ እነሱ ቤት ልሂድ?» ማለት አመጣች። ለጨዋታ መስሎኝ እሺ እላለሁ። አንድ ቀን ልጠራት ስሄድ በመስኮቱ አየኋት። ጎረቤቴ ሶፋው ላይ ተጋድማ ታነባለች። ልጆቿ ምንጣፉ ላይ ተዘርረው የየራሳቸውን መጽሐፍ ይዘዋል። የእኔዋ ከሴትዮዋ እግር ሥር ቁጭ ብላ፣ ጭንቅላቷን ሶፋው ላይ አስደግፋ ታነባለች። እኔ አንብቢ ስላት ሆዷን የሚያማት ልጅ! ሴትዮዋ ያነበበችው ነገር አሳቃት። ልጄም ቀና ብላ አየቻትና ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች።

በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ደረጃው ላይ ቆሜ ቀናሁ። በመጽሐፉ አይደለም፤ መጽሐፏን ከነመደርደሪያው ትብላው። ልጄን ወሰደችብኝ ብዬ ነው።

«እዚያ ቤት ምን አለ?» አልኳት እራት ስንሠራ፣ ነገሩን እንደ ዋዛ ለማስመሰል ሰላጣ እየከተፍኩ።

«ናቲንግ። ዝም ብለን እናነባለን።»

«እዚህስ ማንበብ አይቻልም?»

ከሰላጣው ቀንጭባ እያኘከች፣ «አንቺ ስታነቢ ኩዊዝ አለው።»

አጠገቡ የነበረው ጎመን ሳይቀር ከሰላጣው ጋር ተከተፈ። እውነቷን ነው እንዴ? በማግስቱ መጽሐፌን ይዤ ቁጭ አልኩና ራሴን ታዘብኩ። ገጹን ሳልገልጥ እርሳስ እጄ ላይ ነበር። አንድ ቃል አሰመርኩበት፤ «ነይ እስቲ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ብዬ ሁለተኛዋን ጠራሁ። ሮጣ መታጠቢያ ቤት ገባች። ትንሿ ልጄ ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ተደበቀች። ቤት የምናስተምር እናቶች ሁላችንም ይህ ልክፍት አለብን፤ ብርቱካን ስንልጥ ክፍልፋይ እናስተምራለን፣ ሀይዌይ ላይ የሰው ታርጋ እያስደመርን ነው የምንነዳው። ጎረቤቴም እንዲሁ ናት። እሷ ግን ለራሷ ስታነብ መምህርነቱን አውልቃ ትጥለዋለች። በዚህም ቀናሁ።

ያን ቀን ሄጄ ያሳቃትን መጽሐፍ ተዋስኳት። የሄድኩት ለማንበብ አይደለም፤ ያን ያህል የሚያስቅ ነገር እንደሌለው ለማረጋገጥ ነው። «ውይ፣ ትወጂዋለሽ! ስትጨርሺው ኮል አድርጊልኝ» አለችኝ። ደግነቷ ራሱ አበሸቀኝ።

የቤቱን እርሳስ ሁሉ ሰብስቤ ፍሪጅ ላይ ሰቀልኩና ሶፋው ላይ ተጋደምኩ። መጀመሪያ እንደ ፈታኝ ተኮሳትሬ ነበር ያነበብኩት። ከዚያ ታሪኩ ውስጥ አንድ ኩሩ ሰውዬ በተዋሰው ኮት ድግስ ላይ ይንጎራደዳል፤ የኮቱ ባለቤት እንግዳ ሆኖ ከች ይላል። ላለመሳቅ ታገልኩ። አልሆነልኝም፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ልጄ ከሒሳቧ ቀና አለች። «ማሚ? ዋት?»

ጥያቄ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። «ቆይ፣ ልጨርሰው።»

«ግን ምንድን ነው?»

«ቆይ አልኩሽ!»

መጥታ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለች። ገጹን ሸሸግኩባት፤ ሆን ብዬ ነው። ፊቷ ጭፍግግ አለ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ወሩን ሙሉ መስታወት ውስጥ ሳየው የከረምኩት ነው። ልጄ በመጽሐፍ ቀናች። ሄደችና የራሷን መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን ሶፋው ላይ አስደገፈች።

ስልኬ ጮኸ። የጎረቤቴ የድምፅ መልእክት ነው፤ «ልጅቷ ዛሬ አትመጣም እንዴ? ልጆቹ እየጠበቋት ነው።» እጄን ሳልዘረጋ ልጄ ስልኩን አነሳችና መለሰችላት፤ «ዛሬ አልመጣም። ማሚ እያነበበች ነው።»

ጎረቤቴ መልእክቱን ሰምታዋለች፤ ስልኩ ላይ ይታያል። ቶሎ ግን አልመለሰችም። ምናልባት ዕቃ እያጠበች ይሆናል። እኔ ግን ደረጃው ላይ ቆማ እንደኔ ትቅና ብዬ ተመኘሁ፤ ለዛሬ ከሰዓት ብቻ።