ጅማ ያልሄድኩበት ክረምት

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሦስት ጡረተኞች ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ እኔ ግን ብዙ አልተቀመጥኩም።

ነገሩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ተማሪዎች ከየቤታቸው እየታደኑ በሚወሰዱበት በዚያ የወጣትነታችን ክረምት፣ ከተቀመጥንበት ብዙም በማይርቅ የአንድ ገበሬ የገለባ ጎጆ ውስጥ ተደብቄ መክረሜን፣ ሳል በመጣብኝ ቁጥር የጋቢዬን ጫፍ ነክሼ ድምፄን ማፈኔን ነገርኳቸው። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ስነግራቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንዲያምኑኝም አጥብቄ እሻ ነበር።

ከልጅነት ጀምሮ ጎረቤቴ የነበረው ወዳጄ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጅማ ነበርክ እኮ! አጎትህ ዘንድ ቅቤ ስትልስ ከርመህ፣ ዛሬ በስተርጅና ሰማዕት መሆን አማረህ?»

ደሜ ፈላ። በትሬን ይዤ ብድግ አልኩ። ሦስተኛው ባልንጀራችን ዕድሜውን ሙሉ ሾላ ገበያ እህል የነገደ፣ ጠብ ሲሸተው ፊቱ የሚበራ ሰው ነው፤ ጋቢውን አጣፍቶ «እኔ ዳኛ ነኝ» ብሎ ተሰየመ። «እንደ አባቶቻችን ተሟገቱ። ከሳሽ፣ ጀምር!»

«ተጠየቅ!» አልኩ፣ በትሬን ወደ ወዳጄ ቀስሬ።

«ልጠየቅ!»

«ጅማ ለመክረሜ ምስክርህ ማን ነው?»

«እናትህ!»

«ቃሏን ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ተናገር።»

«ልፈልግህ መጣሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሸሚዝ ትሰፋለች። ‹ያ ሆዳም ጅማ ሄዶልሃል፤ አጎቱ አወፍሮት ልብሱ ሁሉ ጠቦታል አሉ። ይኸው ሰፋ ያለ እየሠራሁለት ነው› አለችኝ። ዘርግታ አሳየችኝ። እየሳቀች! ቆሎም ዘግና ሰጠችኝ።»

በትሬን አወረድኩ። ክረምቱ አልቆ ከጎጆው ስወጣ የጎድን አጥንቴ የሚቆጠር ነበርኩ፤ እናቴ ያለበሰችኝ ነጭ ሸሚዝም ሁለት እኔን ይይዝ ነበር። በሐሳብ ብዛት ልኬን ዘንግታው ነው እያልኩ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬያለሁ።

«ሸሚዙ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሁለት ምእመናን መንገዳቸውን አቋርጠው ዞረው አዩኝ። «ለብሼዋለሁ! ዋሽታህ ነው! አየህ ብልኃቷን? ውሸቷን በመርፌና በክር ሰፍታው!»

ሙግቱን ረሳሁት። ወዳጄን በሁለት ትከሻው ይዤ ወዘወዝኩት። «እንዴት ነበር የሳቀችው? ጥርሷ ይታይ ነበር? እስቲ ድገምልኝ!» እናቴ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ስለ እርሷ አዲስ ነገር እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ልቤ እንደ ወጣት ልብ ይመታ ነበር።

ወዳጄ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«እኔን ዋሸችኝ?» አለ። «ከአንተ ጋር ከአንድ ትሪ ያበላችውን ልጅ? አሳልፎ ይሰጥሃል ብላ?»

«በዚያ ጊዜ ማንንም አላመነችም።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

እጆቼን ከትከሻው አነሣሁ። እኔን ማመን እርሱን ምን እንደሚያስከፍለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዳኛችን ጉሮሮውን ጠረገ። «ዋናዋ ምስክር በሕይወት የለችም። ጉዳዩ ተቀጥሯል።»

«ለመቼ?» አልኩ።

«ጉልበቴ ይህን ዳገት ዳግመኛ በፈቀደ ጊዜ!»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ስለ ሸሚዙ ያላቋረጥኩ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስለ ኮሌታው፣ ስለ እጅጌው ሳይቀር አወራሁ። ወዳጄ ታክሲ ሊሳፈር ሲል ዞር ብሎ «ጅማ ነበርክ» አለኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን እንደ ልመና ነበር።

እስከ ዛሬ አላመነኝም። እኔም ያን ክረምት ከቤት የወጣሁት ለእናቴ ሳልነግራት ነው፤ ሸሚዙን ስትሰፋ በሕይወት መኖሬን ታውቅ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር አላወቅሁም።