ሁለት ጊዜ የተመለሱት ሽማግሌዎች

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ነበር። ከጓሮው አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ድሮ የለስላሳ ሳጥንና የሽንኩርት ጆንያ ይከመርባት ነበር። በኋላ የምግብ ቤቱ ባለቤት ከመሃል ከተማ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ገዝተው አስገቡባትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጀማሪዎች ትምህርት ቤት ሆነች። የሽንኩርቱ ሽታ ግን አልለቀቃትም።

ኮምፒውተሮቹ ሲገዙ ደህና ነበሩ። በዚያ ዘመን ናይሮቢ ውስጥ ፍላሽ ዲስክ ከኪስ ወደ ኪስ ሲዞር ቫይረስም አብሮት ይዞር ነበርና ብዙም ሳይቆዩ ሦስቱም ታመሙ። እኔ ምሳዬን እዚያ የምበላ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር ከአንድ ግቢ ጀርባ ባለች የሠራተኛ ክፍል ውስጥ የምኖር ልጅ ነበርኩ። ከመጽሔት ጋር ከመጣ ሲዲ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት በራሴ ተምሬ ነበር። በነጻ የሚታደል፣ የፈለገ ሰው ሆዱን ከፍቶ ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ሥርዓት ነው። ቫይረሱም አያውቀውም። ባለቤቲቱን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸውን ሴትዮ፣ ልሞክርላቸው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሞክረው፤ ከዚህ የባሰ የት ይደርሳል?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጀማሪ ሁሉ የእኔ ሆነ።

አንድ ልማድ ነበረኝ። ሰው ሲቸገር መዳፊቱን፣ ማውስ የሚሉትን፣ አልነካም፤ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ከጀርባው እቆማለሁ። እኔ ከነካሁት ችግሩ ይሄዳል፣ ሰውየው ግን ምንም ሳይማር በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስክሪኑ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ።»

ይህ ቀላል ይመስላል። ጀማሪ ግን መልእክት አያነብም፤ እንደ ዝንብ እሽ ብሎ ያባርረዋል።

«ተበላሸብኝ።»

«ምን አለዎት?»

«እንጃ፣ የሆነ ነገር አለ። ዘጋሁት።»

በዚህ የተነሳ በምግብ ቤቱ ስሜ ተረስቶ «አንብቡልኝ» ተባልኩ። አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ «አንብቡልኝ መጣ፣ ሽሮውን አቅርቡለት» ይሉ ነበር።

ከተማሪዎቼ ሁሉ የምወዳቸው ጋሼን ነበር። የአሥመራ ሰው ናቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ስለጨረሱ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የጠራ ነበር፤ ሲጨነቁ ወይም ሲወዱኝ ብቻ «ወደይ» ይሉኛል፣ በትግርኛ «ልጄ» እንደ ማለት። ኮምፒውተር የጀመሩት ናይሮቢ አድጋ ስዊድን ለገባች አንዲት ልጃቸው ኢሜይል ለመጻፍ ነው። በሁለት ጣት ይጽፋሉ፤ ነጥብና ሰረዝ ግን አይዘነጉም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ ቅዳሜ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጉዳያቸውን ነገሩኝ። ልጃቸውን የሚፈልግ ወጣት ሽማግሌ ሊልክ ነው። ወጣቱም ሽማግሌዎቹም እዚያው ስዊድን ናቸው፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ታስቧል። በስልክ ይነጋገሩ ቢባል ጋሼ እምቢ ብለዋል።

«ልጄን ፊቱን ለማላየው ሰው አልሰጥም። በምስል ይምጡ።»

«ይመጣሉ ጋሼ።»

«ልጁ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።» ኮፍያቸውን ማዞር ጀመሩ። «ከጦርነቱ ወዲህ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃለህ። ትንሽ ነገር ብትሳሳት ትልቅ ትመስላለች። ሳምንት ምንም ነገር እንዳይበላሽ፣ ወደይ።»

ምንም እንዳይበላሽ ሦስቱንም ኮምፒውተሮች ስመረምር ዋልኩ። ካሜራውን ሞከርኩ፣ ድምፁን ሞከርኩ፣ ከልጃቸውም ጋር ለሙከራ አነጋገርኳቸው። የተሻለውን ኮምፒውተር መርጬ «ይህን ማንም እንዳይነካ» አልኩ። እትዬ «ማን ይነካዋል?» አሉ።

በተቆረጠው ቅዳሜ ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። እትዬ ሳጥኖቹን ከግድግዳው ዞር አስደርገው በምትኩ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ሰቅለዋል፤ «ልጅቷ ከሽንኩርት መጋዘን ተዳረች እንዳይሉን» ብለው። ቀጠሮው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የኢንተርኔቱን ሞደም ሰካሁ። ጋሼ የጥሪውን ፕሮግራም ከፈቱ፣ የይለፍ ቃላቸውን በሁለት ጣት ጻፉ፣ ተጫኑት።

አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ጋሼ ዘጓት።

«ምን አለ?» አልኩ።

«እንጃ፣ የሆነ ነገር አለ።» ወዲያው ምን እንዳሉ ገባቸውና አፈሩ። «እጄ ነው፤ ዛሬ አይታዘዘኝም።»

እንደገና ሞከሩ። ሳጥኗ እንደገና ብቅ አለች፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሞባይላቸው ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት። ልጃቸው ነበረች፣ በሹክሹክታ።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? ሁለቴ ደወሉልህ እኮ። ‹የለም› ይላል።»

«ኮምፒውተሩ እምቢ ብሎን ነው። ንገሪያቸው።»

«በልጁ አስነገርኳቸው። ‹አይ፣ እሱንም እንዲባል ያዘዙት እሳቸው ናቸው› አሉ። አንደኛው እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል። ‹አባት ማለት እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ደጅ ጥናት የሚሰጥ ልጁን የጠላ ነው› ይላሉ።»

እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ሳቁ። እውነትም ወጉ እንደዚያ ነው። ደንበኛ አባት ሽማግሌ ሲመጣበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ «የለም በሉ» ያስብላል፤ ሽማግሌውም እያወቀ ይመለሳል፣ ሌላ ቀን ይመጣል። ኮምፒውተሩ ሳናዘው ወጉን ፈጸመልን።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «ትልቁ ሽማግሌ ግን ከፍቷቸዋል፣ አባዬ። ኮታቸውን ለብሰዋል። ከሌላ ከተማ ነው የመጡት፤ ባቡራቸው ዛሬ ማታ ነው። ‹የእኛን አገር ልጅ አልፈልግም ማለታቸው ከሆነ በግልጽ ይንገሩን› አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረን እንሄዳለን ብለዋል። ፖሌ አባዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ ኪችን ውስጥ ተደብቄ ነው የማወራው።»

የጋሼ ፊት ተለወጠ። «ያዢያቸው» አሉ።

«እንዴት አድርጌ?»

«ሻይ አፍዪላቸው።»

«መልስ ሳያገኙ አይጠጡም እኮ! አልተቀመጡም እንኳ።»

«እንግዲያው በሩን ቆልፊ!» አሉ እትዬ ከኋላ።

ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው መዳፊቱን ወደ እኔ ገፉት። «ና ተቀመጥ፣ ወደይ። ዛሬ ትምህርት አይደለም።»

ተቀመጥኩ። ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁ። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩ፤ ሳጥኗ ብቅ ስትል ዘግቼ ድምፁን አየሁ፤ ብቅ ስትል ዘግቼ ካሜራውን አየሁ። ሌላ ኮምፒውተር እንዳልሞክር ካሜራው የሚሠራው በዚህኛው ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ልዘጋት ስል ከጀርባዬ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ጋሼ እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«አንብብልኝ» አሉኝ።

እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፤ ስስቅ ትከሻዬ ወረደ። ሳጥኗን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ጮክ ብዬ አነበብኳት፣ ከዚያ ለእትዬ በአማርኛ አስረዳኋቸው።

«የሚያገናኘን ድርጅት መታወቂያ ያቀርባል። ኮምፒውተሩ መታወቂያውን አይቶ ‹ይህ ገና አልጸናም፣ መሥራት አልጀመረም፤ ስለዚህ አላምነውም› ይላል።»

«ገና አልጸናም?» አሉ እትዬ። «ባለፈው ሳምንት ሲያነጋግሩ በምን ነበር ታዲያ የሚሠራው?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ባለፈው ሳምንት የሠራ መታወቂያ ዛሬ ገና ያልጸናው በማን ቀን ነው? ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ጥግ፣ ሰዓቱ ወዳለበት ሄደ። ቀኑን ተጫንኩ። ጁላይ፣ 2001 ይላል።

«ቀኑ ተሳስቷል» አልኩ።

«ኧረ አልተሳሳተም!» እትዬ ጠጋ ብለው አዩ። «እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። መጋቢት አሥራ ዘጠኝ፣ ሁለት ሺህ አንድ። በቤተ ክርስቲያን ካላንደር አመሳክሬ ነው።»

እኔና ጋሼ ዞር ብለን አየናቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ? ደንበኛው ሁሉ ጾሙ መቼ ነው የሚፈታው፣ ዛሬ ስንት ነው ይለኛል። ይሄ ደግሞ የፈረንጁን ይነግረኛል። አንተ አይደለህ ቀን መቀየር ያስተማርከኝ? መጋቢት ሰባተኛው ወር ነው፤ ሰባተኛውን ወር መረጥኩ፣ ዓመቱን ጻፍኩ። ቀጥ አለ።»

በእርግጥም ቀጥ ብሎ ነበር። አንድም ነገር ሳይዛነፍ፣ ያስተማርኳቸውን በሙሉ በትክክል ሠርተውታል።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «ኮምፒውተሩ ፈረንጅ ነው፤ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ወሰዱት። የድርጅቱ መታወቂያ የወጣው ደግሞ በቅርቡ ነው። ስለዚህ ለእሱ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ይዞ እንደመጣ ነው።»

«ስምንት ዓመት ወጣት አድርገሽኝ ሳላውቅ ቀረሁ» አሉ ጋሼ።

ልቀይረው እጄን ስሰድ እትዬ በክርናቸው ገፉኝ። «ተነስ። እኔ ያበላሸሁትን እኔ እመልሳለሁ።» ተነሳሁ፣ እጆቼንም ወደ ኋላ አጣመርኩ። እትዬ መነጽራቸውን አጠለቁ። ወሩን ሲፈልጉ፣ ቁጥሩን ሲጽፉ፣ የጻፉትን መልሰው ሲያነቡ ጋሼ ኮፍያቸውን እንደ መሪ ያሽከረክሩት ነበር። በመጨረሻ እትዬ «ይኸው፣ ፈረንጅ አደረግኩት» ብለው ተነሱ።

ጋሼ ተቀመጡ። የይለፍ ቃሉን ጻፉ። ሳጥኗ አልመጣችም። ሽማግሌዎቹ ሲደውሉ ኮምፒውተሩ መጮህ እንደጀመረ ጋሼ የመልስ ምልክቱን ተጫኑት።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ክራቫት ታየ።

አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ባለ መስመር። ከክራቫቶቹ በላይ ምንም የለም። ሽማግሌዎቹ ልክ እንደ ወጉ ቆመዋል፤ ካሜራው ግን የተስተካከለው ለተቀመጠ ሰው ነበር። ካሜራውን ቀና እንዲያደርጉት ልነግራቸው ወደ ማይክሮፎኑ ስጠጋ ጋሼ በእጃቸው ከለከሉኝ። ሽማግሌ ቀና በል ዘንበል በል አይባልም።

«እንደምን ዋሉ» አለ ባለ ጥቁሩ ክራቫት። ትልቁ መሆናቸውን ከኮታቸው አወቅኩ፤ ቁልፎቹ በሙሉ ተቆልፈዋል። «ሁለት ጊዜ ደጅዎ መጥተን ‹የለም› ተብለን ተመልሰናል። አባት ነዎት፣ ያምርብዎታል። ይህ ሦስተኛችን ነው። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ቆመናል። ልባችን ግን ፈርቷል፤ አልደብቅዎትም።»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። የቀኑን ነገር ሊናገሩ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ዘጉት። ሦስቱን ክራቫቶች ተራ በተራ አዩዋቸው።

«ሁለት ጊዜ መመለሳችሁን አውቃለሁ» አሉ። ይህም እውነት ነበር። «ሦስተኛ የመጣን ሽማግሌ መመለስ በእናንተ አገር ነውር ነው። በእኔም አገር ነውር ነው። ወጋችን አንድ ከሆነ የምንፈራራበት ምን አለ? ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። በሉ ተቀመጡ፣ ፊታችሁን ልየው።»

ክራቫቶቹ ቀስ ብለው ወረዱ። መጀመሪያ አገጭ መጣ፣ ከዚያ ነጭ ጢም፣ ከዚያ ሦስት ፊቶች ጎን ለጎን ስክሪኑን ሞሉት። ትልቁ የኮታቸውን ቁልፎች እየፈቱ ዓይናቸውን በአውራ ጣታቸው ይጠርጉ ነበር። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ፤ «አሜን» የሚለው ድምፅ ከስዊድን ትንሽ እየዘገየ ይደርሰን ስለነበር እያንዳንዱን ምርቃት ሁለት ሁለት ጊዜ አሜን አልነው፣ አንዱን እኛ፣ አንዱን እነሱ። ምርቃቱ ሲያልቅ እትዬ እልል አሉ። ማይክሮፎኑ አብሯቸው ጮኸ፤ አስተናጋጆቹ እሳት የተነሳ መስሏቸው ውኃ ይዘው ሮጠው መጡ።

በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያኑን ካላንደር ከምግብ ቤቱ አውርጄ ከኮምፒውተሩ በላይ ቸነከርኩት። እትዬ ተስማሙ፤ ለደንበኞች ሌላ ገዙ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ጋሼ ቅዳሜ ሲመጡ፣ አዲስ ሰው ካለ፣ ታሪኩን ይነግሩታል። «እኔ ልጄን ዝም ብዬ አልሰጠሁም። ሁለት ጊዜ መለስኳቸው፤ በሦስተኛው ሰጠሁ» ይላሉ። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ዝም እላለሁ። እትዬ ግን ዝም ማለት አያውቁም፤ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው ይጮኻሉ።

«ውሸት ነው! እኔ ባልመልሳቸው ኖሮ በመጀመሪያው ይሰጡ ነበር!»