ሻምበሉ ያዘዙት ሙፍቲ

ባለፈው ሳምንት ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ስጠጣ፣ ጡረታ የወጡ ሁለት ወታደሮች ከጎኔ ተቀምጠው ያወጉ ነበር። አንደኛው «ያኔ ሙፍቲ ለብሼ ባልወጣ ኖሮ አልተርፍም ነበር» ሲል ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ያን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!

በደርግ ጊዜ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ ከአባቴ በወረስኩት የእግር መኪና ገበያው ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። ነሐሴ ነበር፤ ደባርቅን በነሐሴ ጉሙ አይለቃትም፣ ጨርቁ ራሱ እርጥበት ጠጥቶ ለመቀስ ያስቸግራል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አስማረ የሚባል ወታደር ውሃ እያንጠባጠበ ገባ። የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ የደንብ ልብሱን ስጠግንለት ነው የተዋወቅነው።

«ኑሩ፣ እስከ ነገ ሙፍቲ ስፋልኝ» አለኝ።

ሳቄ መጣ። «ሙፍቲማ ሰው ነው! በእኛ ሃይማኖት ፍርድ የሚያውቅ ትልቅ ዓሊም ነው። እንዴት አድርጌ ልስፋልህ?»

እሱ አልሳቀም። እናቱ በጠና ታመው የሦስት ቀን ፈቃድ አግኝቷል። ከዳባት ወዲያ ታጣቂዎች መኪና እያስቆሙ የደንብ ልብስ የለበሰውን ስለሚያወርዱ፣ ሻምበሉ «በሙፍቲ ካልሆነ አትሄድም» ብለውታል። ለካ የሲቪል ልብስ ማለታቸው ኖሯል። አስማረ ደግሞ ቁመቱ ረጅም ነው፤ የሰው ልብስ አይሆነውም።

ለወታደር የሲቪል ልብስ የሰፋ ወታደር እንደሚያስኮበልል እንደሚቆጠር ተነግሮናል። አንድ የሙያ ጓደኛዬ በዚሁ ተወስዶ ገና አልተመለሰም። እምቢ ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ነገር ግን እኔም እናቴ ስታርፍ ለንግድ ጭልጋ ሄጄ አልደረስኩባትም። መቀሱን አስቀመጥኩና ወደ ጦር ሰፈሩ ሄድኩ።

ሻምበሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው የገብስ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«ልብሱን እሰፋለሁ፤ ፈቃዱ እውነት መሆኑን ግን ከእርስዎ አፍ ልስማ» አልኳቸው።

«እውነት ነው። ካልተመለሰስ?»

«እኔን ይጠይቁኝ።»

ወረቀት ሰጡኝ፤ ፈረምኩ። ያኔ ፊታቸው ፈታ ሲል ስለ ቃሉ ጠየቅኳቸው።

«እኛን ያስተማሩን ህንዶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከእንግሊዞች ወሰዱት» አሉኝ። «የእንግሊዝ መኮንኖች ከሥራ ሲወጡ ሰፊ ካባ ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው፣ ነጠላ ጫማ አጥልቀው ይቀመጡ ነበር አሉ። ‹ሙፍቲ ትመስላላችሁ› ተብሎ ተቀለደባቸው። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ።»

ግራጫ ሱሪና ኮት ሰፋሁለት። በማግስቱ ጠዋት በእህል መኪና ሄደ።

ሦስተኛው ቀን አለፈ፤ አስማረ የለም። በአራተኛው ቀን ተይዤ ከምወሰድ ብዬ ራሴ ሄጄ የጦር ሰፈሩ በር ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር፤ ግን ደግሞ በልቤ ጥግ «ባይመለስስ ምን አለ» የሚል ነገርም ነበር። እኩለ ቀን ላይ በጉሙ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው ብቅ አለ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት መኪናው ዳባት ቀርቶ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቷል።

«እናትህስ?» አልኩት።

«ደረስኩባት። ልብሴን ዳስሳ ‹ተለቀቅክልኝ ልጄ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«አዎ አልኳት። በማግስቱ ዐረፈች።»

«ታዲያ ለምን ተመለስክ?»

«አንተ ፈርመህልኝ የለም እንዴ?» አለና ሪፖርት ሊያደርግ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ጦሩ ወደ ዛሪማ ወረደ፤ አስማረን ዳግመኛ አላየሁትም። ዛሬ ዓይኔ ደክሟል፣ ክር በመርፌ የሚያስገቡልኝ ልጆቼ ናቸው። ግን የታመመ ወላጁን ሊጠይቅ መንገድ የሚወጣ ሰው ልብስ ይዞ ከመጣ የሌላውን ሥራ አስቀምጬ የእሱን አስቀድማለሁ። ወረፋ የሚጠብቁት ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።