ስም ያለበት ኮዳ

ከልደታ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቁራሌዎች ከፈረሱ ቤቶች የሰበሰቡትን ዕቃ ሲዘረግፉ አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። ፀሐዩ ቢከርም የካፖርታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ካርቶን አንጥፈው ይቀመጡና የቀድሞው ጦር ወታደሮች ውሃ የሚይዙበትን ኮዳ ብቻ ይለቅማሉ። ብዙው ወታደር በኮዳው ቂጥ ላይ ስሙን በሚስማር ይጭር ነበር። እሳቸው አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርጥበው ዝገቱን ያሻሉ፤ ፊደሉን ቀስ ብለው ያነባሉ። ስም ያለበት ከሆነ፣ የማንም ይሁን፣ ቀልጦ ድስት እንዲሆን አይተዉትም። ገዝተው በጋዜጣ ይጠቀልሉታል።

«አባባ፣ ዛሬም ዘምቶ የቀረው ወንድምዎ ኮዳ አልተገኘም?» አላቸው አንዱ ቁራሌ።

«አልተገኘም።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ብቻዎን ከሚለፉ ስሙን ይንገሩኝ እንጂ። ከተማውን የምዞረው እኔ፣ ቁጭ ብለው የሚፈልጉት እርስዎ።»

ሽማግሌው ፈገግ እንደ ማለት አሉ። የያዙት ኮዳ ስም አልነበረበትም፤ ወደ ክምሩ መለሱት።

«ብነግርህ ስም የሌለው ኮዳ ላይ ጽፈህ ታመጣልኛለህ» አሉት። «እኔም አምንሃለሁ።»