ከግራሩ አጠገብ የቆመው ሰው

ፎቶ ቤት በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ከድር ካሜራ አላስነኩኝም። ሶዶ ያለው ፎቶ ቤት የእሳቸው ነበር፤ እኔ የተቀጠርኩት ጉርድ ፎቶ በመቀስ ለመቁረጥ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲነሳ አየሁና፣ "ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ጠቆረ" አልኳቸው።

"ብርሃን ከጀርባው ከመጣ ፊት የለም" አሉኝ። "ሰው ደግሞ እዚህ የሚመጣው ፊቱን ሊወስድ ነው። አዙሪልኝ።"

አዞርኩት። ግን ያ የጠቆረ ሰው ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ካሜራ ያስተማረኝ የለም፤ አሮጌዋን እየነካካሁ ነው የለመድኩት። ጥላ የምንለውን፣ ሰው ጠቁሮ ቅርጹ ብቻ የሚታይበትን ፎቶ ስታነሱ ብርሃኑን የምትለኩት ከሰማዩ ላይ ነው፤ ሰውየውን ትተዉታላችሁ። ፀሐይዋን ከጀርባው ትደብቃላችሁ። ሁለት ሰዎች ከሆኑ ታራርቋቸዋላችሁ፣ አለዚያ አንድ ባለ አራት እግር ፍጥረት ይሆናሉ። ሙሽሮች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ይፈታል።

የራሴን ፎቶ ቤት ከከፈትኩ በኋላ ነው። ሙሽሮች ይዤ ከበዴሳ ወጣ ብሎ ወዳለ ሸንተረር ሄድኩ። ስንጨርስ እነሱ ወደ መኪናው ወረዱ፤ እኔ የቀረችውን ብርሃን ላንሳት ብዬ ቆየሁ። አንድ ሰው ሸንተረሩ ላይ ወጣና ግራሩ አጠገብ ቆመ። ሩቅ ስለነበር አልጠራሁትም። ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጌ ጥላውን አነሳሁት። ፎቶው ስላማረልኝ በትልቁ አሳጥቤ ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ አስቴር የሚባሉ እናት ከሻንቶ መጡ፣ የልጃቸውን የታረቀኝን ጉርድ ፎቶ ይዘው። ታረቀኝ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደወጣ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። በኋላ አብሮት የወጣ ልጅ ደውሎ "መንገድ ላይ ቀረ" አላቸው። በእኛ አገር የሟች ፎቶ በትልቁ ተሠርቶ ለቅሶ ላይ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። አስከሬን በሌለበት ደግሞ ለቅሶው የሚቆመው በፎቶው ነው።

"ለቅዳሜ አድርሺልኝ" አሉና ቀና ሲሉ ግድግዳውን አዩ። "ይሄን መቼ አነሳሽው?"

"ቅርብ ጊዜ ነው፣ እትዬ።"

ተጠግተው የጥቁሩን ሰው ትከሻ በጣታቸው ነኩ። "ባንድ በኩል ዝቅ ብሏል። ልጅ ሆኖ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ነው። ታረቀኝ ነው።"

"ፊቱ እኮ አይታይም።"

"እንግዲያው ፊቱን አብሪልኝ።"

ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሩን እስከሚችለው ድረስ አበራሁት። የወጣው ልክ እንደተበተነ ጤፍ ያለ ግራጫ ነጠብጣብ ብቻ ነው። እኔ ምንም አላየሁም። እሳቸው ግን ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳቡና "ከስቷል" አሉ።

ለቅሶው ቀርቷል ብለው ያን ፎቶ ከግድግዳው አስወርደው ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ የባላቸው ወንድም ጋሽ ጳውሎስ እሳቸውን አስከትለው መጡ። "አንቺ ነሽ የሞተ የምታስነሺው?" አሉኝ። "ለለቅሶው ሰው ጠርተናል። እህቱ ልታገባ ነው፤ የወንድሟ ነገር ሳይለይ ሰርግ አንደግስም። ቦታውን አሳዪን።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስታችን ሸንተረሩ ሥር ደረስን። "ከግራሩ አጠገብ ነበር" አልኩ። ጋሽ ጳውሎስ ወጥተው ቆሙ።

"ፈገግ ልበል?" ብለው ጮኹ።

"ቢፈልጉ ያልቅሱ፣ አይታይም።"

አነሳኋቸውና ስክሪኑን ለእትዬ አስቴር አሳየሁ። የጋሽ ጳውሎስም ትከሻ ባንድ በኩል ዝቅ ብሏል። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ እዚያ የቆመ ሁሉ ታረቀኝን ይመስላል።

እትዬ ስክሪኑን አዩ፣ በእጃቸው ያለውን ፎቶ አዩ። "በቃ፣ ፊቱ የሚታይበትን ጉርድ አሳድጊልኝ" አሉ።

ቅዳሜ ተለቀሰ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሁለቱን ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። ጋሽ ጳውሎስ የቆሙት ከግራሩ በስተግራ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ያ ሰው የቆመው በስተቀኝ ነው። እዚያ መሬቱ ደልዳላ ነው። ትከሻው ዝቅ ያለው ከመሬቱ አይደለም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሻንቶ ሄድኩና ነገርኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ እትዬ አስቴር፣ ቦሎቄ እየለቀሙ። "እዚያው ቆመን አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ልጅቷ ታግባ ብዬ።" ሰፌዱን አስቀመጡ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ወዴት ሄደ?"

"አላየሁም፣ እትዬ። ፎቶው ወጥቶ እንደሆነ ስክሪኑን እያየሁ ነበር። ቀና ስል ማንም የለም።"

"ወደ ቢጠና በሚወስደው መንገድ ይሆን?"

"አላውቅም።"

"እሺ" አሉና ሰፌዱን መልሰው አነሱ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ጥላ ከማንሳታችሁ በፊት ሂዱና የሰውየውን ስም ጠይቁ። ካነሳችሁ በኋላም ስክሪኑን ለማየት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ እዩ።