የዕፀገነት ደብተሮችና አበልጇ

ተሾመች አፏን አትይዝም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ በዕፀገነት ነገርማ ጭራሽ አልይዝም። ዕፀገነት ከዋጫ ወጣ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያችን ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የወባ ደም ስትመረምር የኖረች ናት። እኔ መድኃኒት ክፍል ነኝ፤ የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው።

መዝገቡ የሚጠይቀው በሽተኛው የሚኖርበትን ቀበሌ ብቻ ነው። እሷ ግን በራሷ ደብተር ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ጨምራ፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የት እንዳደረ እየጠየቀች ትጽፍ ነበር። ደሞዝ ለማይጨምር ሥራ ምን አደከመሽ እያልኩ ስቄባታለሁ።

ከዚያ ዶክተር ፈለቀ መጣ። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የእኛው አገር ልጅ ነው። ወባ ወደፊት የት እንደሚበረታ በኮምፒውተር ሞዴል ሊተነብይ ሞክሮ አልሆንልህ ብሎታል፤ ሞዴሉ ትንኝ በሌለበት ደጋ ላይ ወባ ይነሳል ይለዋል። ዕፀገነት ደብተሯን ዘረጋችለት። የታመሙት ደገኞች ለቡና ለቀማ ቆላ ወርደው እዚያ ያደሩት ናቸው። ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እስኪመሽ አልተነሳም።

በዓመታት የሞላቻቸውን ስድስት ደብተሮች ይዞ ሲሄድ፣ ጥናቱ ሲታተም ስሟ ከስሙ አጠገብ እንደሚወጣ ቃል ገባላት። ለእሷ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ጊዜ አመልክታ የምርምር ልምድ የለሽም ተብላ ተመልሳለች፤ ዕድሜዋ ከገደቡ ከማለፉ በፊት የቀራት አንድ ዙር ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ፈለቀ ሴት ልጅ ወለደና ክርስትና አንሺልኝ አላት። እሷ ልጅ አልወለደችም፤ ደስታዋን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ነጭ ቀሚስ ገዝታ በሰማንያ ቀኗ አቅፋ አስጠመቀቻት። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ልጅቷን ሳታይ አትቀርም ነበር።

ጥናቱ ታተመ። በስልኬ ከፍቼ ያነበብኩላት እኔው ነኝ። የአምስት ሰው ስም አለ፤ የእሷ የለም። መጨረሻው ላይ የጤና ጣቢያውን ሠራተኞች እናመሰግናለን ይላል። እኔንም ጥበቃውንም አመሰገነን ማለት ነው! በሺሺንዳ አድርጋ ቦንጋ ድረስ ሄዳ ብትጠይቀው፣ በአበልጅ መሃል ስም ምን ያደርጋል ብሎ ሻይ ጋብዞ ሸኛት። አበልጅ እንዴት ይከሰሳል? ዋጥ አደረገችው። የማመልከቻው ቀንም አለፈ።

ዘንድሮ በዚያ ጥናት አንድ የውጭ አገር ተቋም የድህረ ዶክትሬት ምርምር ዕድል ሰጠው። ለሽኝቱ ምሳ ጠራን። ሽማግሌዎቹ አበልጁ ትመርቀው አሉ። ዕፀገነት ልጅቷን እንዳቀፈች ተነስታ አጠገቡ ቆመች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔ ግን ከጎኗ ነበርኩ።

“ፈለቀ፣ እውነቱን ንገረኝና ልመርቅህ። ክርስትና አንሺልኝ ያልከኝ ለደብተሮቹ ነበር?”

አንገቱን ደፋ።

“መጀመሪያ ላይ፣ አዎ። በኋላ ግን እትዬ፣ ልጄ በጣም ነው የምትወድዎት።”

ዕፀገነት ልጅቷን ለእናቷ ሰጠች። በሰላም ግባ አለችውና ወደ በሩ ሄደች። ልጅቷ እጆቿን ዘርግታ እየጮኸች ብታለቅስም ዞራ አላየቻትም። ስሟን መብላቱን እንኳ እኔ አንድ ቀን ልረሳው እችል ይሆናል፤ ለደብተር ብሎ ልጁን ማሳቀፉን ግን ይቅር አልለውም።