ላፕቶፔ ውስጥ ስም የሚጽፈው

አሰላ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። አዲሱን የምርጥ ዘር መመዝገቢያ ለመሞከር ብዬ ዳታቤዙን በራሴ ላፕቶፕ ላይ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ከፈትኩት። ኮንቴይነር ኮምፒውተሩ ውስጥ ለብቻው እንደተዘጋ ሳጥን ነው፤ ከሰረዙት ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። የኔው ላይ የነበሩት ለሙከራ የፈጠርኳቸው ጥቂት ስሞች ብቻ ናቸው።

ከምሳ ስመለስ ግን ስሞቹ በዝተው ጠበቁኝ። ቱሉ ከኢተያ፣ ከዲጃ ከሁሩታ... ኧረ እኔ አልጻፍኳቸውም! ዓይኔ እያየ ሌላ ስም ተጨመረ። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። አሁንም ተጨመረ። የይለፍ ቃሉ 1234 መሆኑ ትዝ አለኝ። ሌባ ገብቷል፤ ቀጥሎ የቢሮውን ኮምፒውተር ሁሉ ሊያዳርስ ነው! እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ኮንቴይነሩን ከነዳታው ሰረዝኩት።

ገና እፎይ ሳልል የምዝገባ ሠራተኛችን ወይዘሮ አስቴር ብቅ አሉ።

«ገለቶሚ፣ ተባረክ ልጄ! ትናንት እኔ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ ያሳየኸኝ መመዝገቢያ እንዴት ግሩም ነው! ከጠዋት ጀምሮ የመጣውን ገበሬ ሁሉ እሱ ላይ መዘገብኩ። ወረቀቱንማ ተገላገልኩት። ብቻ አሁን አልሠራ አለኝ።»

«ገበሬዎቹስ?» አልኩ፣ የመዘገቧቸው ስሞች ሁሉ ሲገቡ የዋሉት አሁን በሰረዝኩት ኮንቴይነር ውስጥ መሆኑ ገብቶኝ።

«ተመዝግባችኋል ብዬ ወደየቀበሌያቸው ሸኘኋቸዋ! ምዝገባው እኮ ዛሬ ነው የሚያበቃው።»